እንገር

ፈረስ ቤት የሄድኩት የአክስቴን ልጅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልላት ነበር። እንዳጋጣሚ ላሚቱም ሰሞኑን ወልዳለች። አክስቴ ገና ጋቢዬን ሳላወልቅ የተፈላ እንገር አቀረቡልኝ። «ብላ፣ ጉልበት ነው» አሉኝ። በላሁ። በደጋ ዳሞት ብርድ እንገር የሚጠላ ማን ነው?

ወደ ጓዳ ስዘልቅ አራሷ ቢጫውን የጡቷን ወተት ጨርቅ ላይ ታልባለች።

«ምነው?» ብላት፣

«ቆሻሻ ነው፣ የልጁን ሆድ ያማል ይላሉ» አለችኝ።

ሕፃኑ በጣት ጫፍ ቅቤ ይልሳል። ሆዱን እንዲያለሰልስለት መሆኑ ነው።

የላሚቱ ጉልበት፣ የእናቲቱ ቆሻሻ! ያ ቢጫ ወተት እኮ ከተቅማጥና ከሳንባ ምች የሚከላከል የመጀመሪያው ክትባት ማለት ነው። ሐኪሞች «በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ይጥባ፤ እስከ 6 ወር ውኃም አይቅመስ» የሚሉት ወደው አይደለም። ጣቱና ቅቤው ተቅማጥ ይዘው ይገባሉ። ተቅማጡ ሲመጣ ደግሞ «ግግ ነው» ተብሎ የሕፃኑ ድድ ይፈለፈላል። መድኃኒቱ ግን ጡት ሳያቋርጡ ኦ.አር.ኤስ.ና ዚንክ መስጠት ነበር።

የጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ይህ ምክር ብዙ ቤት ገብቷል። አራሷም ሰምታለች።

«ነግረውኛል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «በእናቴ ላይ ግን እንዴት አድርጌ ልናገር?»

ለካ ወጣቷን እየመከርን አዛውንቷን ዘለናቸዋል።

«አክስቴ፣ ጥጃው እንገሩን ቢከለከልስ?» አልኳቸው።

«ይሞታላ!» አሉ ሳያስቡ። ከዚያ ዝም አሉ።

ቅቤውን ወዲያው አላነሱትም። ማታ ግን ልጁ ሲጠባ ሰማሁት።