የሁለት እንቁላሉ

ጥቅምት 4
እዚህ ካምፓላ የባንክ ሒሳብ ልከፍት ብሄድ የኤልሲ ዋን ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ኤልሲ ዋን እኛ ቀበሌ እንደምንለው ነው፣ በጣም ትንሹ የአስተዳደር እርከን። ቼርማኑን ያገኘሁት ከድንች መደብ አጠገብ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው። ማኅተሙን ከሸሚዝ ኪሱ አወጣና እፍ እፍ አለበት፤ ከዚያ ቀና ብሎ አይቶኝ መልሶ ከተተው። «ሴቦ፣ የሚያውቅህ ሰው አምጣ።» አራት ዓመት ኖሬበታለሁ እኮ! ሮሌክስ፣ ማለትም በቻፓቲ የሚጠቀለል እንቁላል፣ የሚጠብሰው ልጅ እጁን በሽርጡ እየጠረገ መጣልኝ። «በየማታው ሁለት እንቁላል ነው የሚያስጨምረው» ብሎ መሰከረ። ታተመልኝ።

ጥቅምት 9
ካባላጋላ ቡና ላይ ይህንኑ ባወራ ጨዋታው ጦፈ። አንዱ «ከተማው የውጭ አገር ሰዎች አማካሪ ምክር ቤት ያቋቁም፤ እኛም ወንበር ይኑረን» አለ። ሁላችንም ተስማማን፣ ማን ይቀመጥበት እስኪባል ድረስ። ስደተኛው የሥራ ፈቃድ ያለውን «አንተማ ነጋዴ ነህ» አለው። ኤርትራዊው ወዳጃችን «እኔን በየትኛው ልትቆጥሩኝ ነው?» ብሎ ሳቀ። ሦስተኛው ቡና ሳይደርስ ሦስት ሊቀመንበር ነበረን።

በእርግጥ ወንበር የሚባል ነገር ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የስደተኞች መድረክ ተቋቁሟል፤ ከሰፈራ ጣቢያዎቹና ከካምፓላ የተወከሉ ስደተኞች ይሰበሰቡበታል፣ ድምፃቸውም እስከ መንግሥት ይደርሳል። ግን እሱ የአገሪቱ ጉዳይ ነው፣ ለስደተኛም ብቻ። ቆሻሻ፣ ቦይ፣ የገበያ ቦታ በከተማው አስተዳደር እጅ ነው። የ2006ቱ የስደተኞች ሕግ እንደ ልብህ ተንቀሳቀስ፣ ሥራ ይላል፤ ካምፓላን የመረጠ ግን እንደ ሰፈራው ራሽን አይጠብቅም፣ ራሱን ይችላል። ታዲያ ራሱን የቻለ ሰው ምሬቱን የሚነግረው ለቼርማኑ ነው። እኔ ወንበሩ እዚያ፣ ድንቹ አጠገብ ቢሆን እመርጣለሁ።

ጥቅምት 15
ዋሽንግተን ያለችው የአክስቴ ልጅ ደወለች። እዚያ ላቲኖዎቹ በከንቲባው ሥር ቢሮ ያገኙት በ1976 ነው፤ አፍሪካውያን ደግሞ በ2006፣ ሠላሳ ዓመት ቆይተው። የ2004ቱ የቋንቋ ሕግ ስላለ የከተማው መሥሪያ ቤት አማርኛ አስተርጓሚ ያቀርባል። «እኔ በአማርኛ ነው የምጨቃጨቃቸው» አለች። ቀናሁ። ቀጥዬ «የአፍሪካውያኑ ቢሮ ውስጥ የኛ ሰው ማነው?» ብላት ግን ዝም አለች። «እሱን እንኳ አላውቅም።»

ጥቅምት 19
ዝናብ። አከራዬ፣ ማማ የምላት፣ በ2018 ቼርማኖቹ እንዴት እንደተመረጡ አጫወተችኝ። ከ2001 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ሳጥን የለም፣ ካርድ የለም፤ ሰው ከሚፈልገው ዕጩ ጀርባ ይሰለፋል፣ ሰልፉ ይቆጠራል። ባሏ ከአንዱ ጀርባ፣ እሷ ከሌላው ጀርባ ቆመው ማታ ሳይነጋገሩ አደሩ። «የውጭ አገር ሰውስ?» አልኳት። «ከዛፉ ሥር ሆኖ ያያል» አለችኝ፣ ሻዩን እየቀዳች።

ጥቅምት 22
ቦዩ ተደፍኖ ውሃው ደጃፋችን ገባ። ስብሰባ ተጠራ፤ ሄድኩ። ንግግሩ በሉጋንዳ ነው፣ ግማሹ አመለጠኝ። አልቆ ስነሳ ቼርማኑ ከወዲያ «የሁለት እንቁላሉ!» ብሎ ተጣራ። ሰው ሁሉ ዞረ። ጠርዙ የረጠበ ደብተርና እስክሪፕቶ አቀበለኝ፤ ለጽዳቱ መዋጮ እንዲነገራቸው የሐበሻ ቤቶችን ጻፍልኝ አለ።

ሰባት ጻፍኩ። ስምንተኛው ጥጉ ላይ ያለው፣ መጋረጃው የማይከፈተው ቤት ነው። ስማቸው እንዲጻፍ ይፈልጉ እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። እስክሪፕቶውን እንደያዝኩ ትንሽ ቆየሁና ደብተሩን መለስኩለት።