ሒሳብ ላይ የማይገባው ውሃ

አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ ደሴ ፒያሳ ይወስደኝ ነበር። ጊዜው 1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው፤ እኔ የስምንት የዘጠኝ ዓመት ልጅ። እሱ ማኪያቶ፣ እኔ ሻይ በቦምቦሊኖ። ከሁሉ በፊት ግን፣ ገና ወንበር ስበን ሳንደላደል፣ ነጭ ኮት የለበሰው አስተናጋጅ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያኖርልናል። ያዘዘው የለም። ሁለቱን ብርጭቆ በአንድ እጁ፣ ጣቶቹን ወደ ውስጥ ከትቶ ነው የሚይዛቸው፤ ያኔ ይኼን ነውር የሚል ሰው አላየሁም። ውሃው ጥርስ ያደነዝዛል። የጦሳ ተራራ ብርድ እያለ ለደሴ ፍሪጅ ምን ያደርግላታል! አፍንጫን ጠጋ ሲያደርጉት ስስ የክሎሪን ሽታ አለው፤ እኔ ያን ሽታ እስከ ዛሬ የማውቀው የፒያሳ ሽታ ብዬ ነው።

ስንነሣ አባቴ ሳንቲሙን ይቆጥራል። ማኪያቶ፣ ሻይ፣ ቦምቦሊኖ። ውሃው ሒሳብ ላይ አይገባም።

ደሴ ውስጥ «ቧንቧ ውሃ» የሚባል ሰፈር አለ። በአገራችን ሰፈር በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በገበያ ወይም በመኳንንት ስም ሲጠራ ነው የለመድነው፤ ይኼኛው በቧንቧ ተጠራ። ቧንቧ ያኔ ምን ያህል ብርቅ እንደነበረ ስሙ ራሱ ይናገራል። በእኔ ልጅነትም ግቢው ውስጥ ቧንቧ ያለው ሰው የተከበረ ነበር፤ ሌሎቻችን ከሰፈሩ የጋራ ቧንቧ የምንቀዳ የቦኖ ሰዎች ነን።

የእኛን ቦኖ የሚጠብቁትን ሴትዮ ልጆች ሁሉ «እትዬ ቦኖ» ነበር የምንላቸው፤ እውነተኛ ስማቸውን ያወቅሁት ሲቀበሩ ነው። ቁልፉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሳይነጋ ይመጣሉ። ከእሳቸው በፊት ግን ወረፋው ደርሷል፤ ሰው ሳይሆን ድንጋይ። ማታውኑ እናቶቻችን ድንጋያቸውን ደርድረው ስለሚሄዱ እያንዳንዱ ድንጋይ ባለቤቱ ትታወቃለች፤ የእኛ ጠርዙ የተሸረፈ ጥቁር ድንጋይ ነበር። ለእንስራ አምስት ሳንቲም፣ ለጀሪካን አሥር። ሳንቲሙ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ጠብ ሲል ድምፁ ይለያል፤ እትዬ ቦኖ ፊታቸውን ሳያዞሩ ማን ስንት እንደጣለ ያውቃሉ።

አንድ ቀን ከገጠር እንጨት ተሸክማ የመጣች ልጅ ወረፋውን አልፋ በቀጥታ ወደ ቧንቧው አፍ ጎንበስ አለች። እኛ ጮኽን። እትዬ ቦኖ በጣሳ ቀድተው እያጠጧት ወደ እኛ ዞሩና፣

«ምን ሆናችሁ? ለጥም አይከፈልም። የሚከፈለው ለዕቃ ነው» አሉ።

ለብዙ ዓመት ስለ ውሃ ዋጋ ሲወራ የምሰማው ሁሉ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር ይጋጭብኛል። እንስራ ሞልተሽ ወደ ቤትሽ የምትወስጂ ከሆነ ክፈይ፤ እዚሁ ቆመሽ የምትጠጪ ከሆነ ጠጪ። ፒያሳም በዚሁ ደንብ ነበር የሚሠራው። የማንም በር ላይ ቆሞ «ውሃ አጠጡኝ» ማለት ልመና አልነበረም።

ያኔ የታሸገ ውሃ ካልን አምቦ ነው። አምቦ በጠርሙስ መታሸግ የጀመረው 1922 ዓ.ም. ስለሆነ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ግን ማንም ጠምቶት አምቦ አይጠጣም። ጥሬ ሥጋ የበላ ይጠጣዋል፣ ጨጓራው ያስቸገረው ይጠጣዋል። መድኃኒት ነው፤ ጠርሙሱም ተመላሽ ነው።

ከዚያ ሃይላንድ የሚባለው የታሸገ ውሃ መጣ። 1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ አጎቴ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲመጣ ግማሽ ድረስ የተጠጣ ፕላስቲክ ጠርሙስ በእጁ ይዞ ገባ። አያቴ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት፤ ገለበጡት፤ አሸተቱት።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ውሃ ነው እማዬ። ገዝቼ ነው።»

«አንተ፣ ውሃ ገዛሁ ነው የምትለኝ? ታዲያ እዚያ አገር የማይሸጥ ምን ቀረ?»

ሳቅን። አያቴ ግን አልሳቁም። ውሃውን ጥግ ያለው የጤና አዳም ተክል ላይ ደፉትና ጠርሙሱን አጥበው አስቀመጡት። ያ ጠርሙስ ቤታችን ስንት ዓመት እንደኖረ! መጀመሪያ ዘይት፣ ኋላ ነጭ ጋዝ። ጽሑፉ ከላዩ ተልጦ ካለቀ በኋላም ስሙ ሃይላንድ ነው። በኋላ የመጣው የውሃ ዓይነት ሁሉ ስሙ ሌላ ቢሆንም ጠርሙሱን አገሩ በሙሉ ሃይላንድ እንዳለው ቀረ። ጎረቤታችን ሀጂ ከመካ ዘምዘም ሲያመጡ በሱ ነው፤ እናቴ ጸበል ስታመጣም በሱ። ሀጂ ለእኛም ስለሚያካፍሉን መደርደሪያችን ላይ ዘምዘሙና ጸበሉ በአንድ ዓይነት ጠርሙስ ጎን ለጎን ይቆሙ ነበር፤ እናቴ እንዳይምታታባት በአንደኛው አንገት ላይ ቀይ ክር አሠረች።

የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሰው ደግሞ የመንገዱን ልጆች ያስታውሳል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ግን በጥምዝምዙ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በየመታጠፊያው ልጆች እጃቸውን እያውለበለቡ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይሉ ነበር። ባዶውን ነው የሚፈልጉት። ትምህርት ቤት ውሃ የሚይዙበት፣ ከብት ሲጠብቁ የሚያንጠለጥሉት፤ ቅል የነበረውን ቦታ ያዘ። ተሳፋሪው በመስኮት ሲወረውር አንዱ ይቀልባል፣ ሌላው እያለቀሰ ይቀራል።

ባዶው ዋጋ ሲያገኝ ደግሞ ብልሃት መጣ። አንድ የግንቦት ቀን ኮምቦልቻ ላይ፣ ሙቀቱ ከደሴ ለመጣ ሰው በማይቻልበት ሰዓት፣ በአውቶቡሱ መስኮት ውሃ ከሚሸጥ ልጅ ርካሿን ጠርሙስ መርጬ ገዛሁ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ በረዶ አሸቶበታል። ክዳኑን ስጠመዝዘው ግን ቀጭ አላለም። እንደ ቅቤ ዞረ። ጎንጨት ስል ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የፒያሳው ክሎሪን! የልጅነቴን የቧንቧ ውሃ በገንዘብ ገዛሁት። ተናድጄ ልጁን ልጣራ ስል አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ፤ ውሃውን ጠጣሁት፤ ምንም አልሆንኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ነገሩን በቁጥር ማሰላሰል የጀመርኩት። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ሊትር ነው፤ በጀሪካን 50። የግማሽ ሊትሯን ጠርሙስ በ20 ብር ብናስባት ያው ሜትር ኩብ 2,000 ጠርሙስ ይሆንና 40,000 ብር ይመጣል። ያን ያህል ውሃ በቧንቧ ቆጣሪ ሲያልፍ የሚከፈለው ከዚህ ጋር ለንጽጽር የሚቀርብ አይደለም። ታዲያ ልዩነቱ ምን ተገዝቶበት ነው? የታሸገውም ውሃ በአብዛኛው ያው ከጉድጓድ የወጣ ነው፤ ተጣርቶ በኦዞን ወይም በአልትራቫዮሌት ጨረር ጀርሙ ይገደላል። ይኼ መልካም ነው። ነገር ግን ክሎሪን ስለሌለበት አንዴ ከተከፈተና አፍ ከነካው በኋላ ራሱን የሚጠብቅበት ነገር የለውም። የምንሸሸው የቧንቧ ሽታ ዘበኛው መሆኑን ለእኔም በልጅነቴ የነገረኝ አልነበረም።

ትዝታ ግን ውሸታም ነው፤ እኔም የቧንቧ ጠበቃ ልሁን አልልም። አስተናጋጁ ብርጭቆ ውስጥ የከተታቸውን ጣቶች አልረሳኋቸውም። ከቦኖ ንጹሕ ሆኖ የወጣውን ውሃ እንስራ ውስጥ ካገባነው በኋላ ስንት እጅ፣ ስንት ጣሳ እንደገባበት እግዚአብሔር ይቁጠረው። ክረምት በመጣ ቁጥር ከእኛ ቤት አንዱ ሆዱን ታሞ ይተኛል፤ ታይፎይድና አሜባ የቤተሰብ ስም እስኪመስሉ ለምደናቸው ነበር። ውሃ በፈረቃ የሚለቀቅበት ዘመን ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቧንቧው ባዶውን በዋለ ቁጥር ግፊቱ ስለሚወርድ በተሰነጠቀበት በኩል የዙሪያውን እድፍ ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃው ሲለቀቅ መጀመሪያ ቡናማ ሆኖ የሚመጣው ለዚህም ጭምር ነው። እሱ እስኪያልፍ ማፍሰስ ነው፤ አትጠጡት።

የታሸገ ውሃ በእርግጥ ዋጋ የሚያወጣበትም ቦታ አለ። ወንጂ ያደገ ጓደኛ ነበረኝ፤ ጥርሱ ቡናማ ነው፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ይኼን ማፍላት አያወጣውም፤ ውሃው እየተነነ ሲያንስ እንዲያውም ያወፍረዋል። እዚያ የሚኖር ሰው ለልጁ ፍሎራይዱ ዝቅ ያለ ውሃ ቢገዛ ቅንጦት አይባልም። የደሴ ችግር ግን ጀርም ነው፣ ጀርም ደግሞ በእሳት ይሞታል። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። አለቀ። እሱም ካልተመቸ ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ አለ።

በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት 20 ገደማ ጀምሮ ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜኑ ጦርነት ሲያዙ፣ ኅዳር 27 እስኪለቀቁ ድረስ፣ እህቴ እዚያው ነበረች። መብራት ጠፋ፤ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ቆመ፤ ቧንቧው ደረቀ። ሱቅ ተዘግቷል ወይ ተዘርፏል፤ በብር የሚገዛ ውሃም የለም። ሰው ጀሪካኑን ይዞ አያቶቹ ወደሚቀዱበት ምንጭ ወረደ። እህቴ ስትነግረኝ ከሁሉ የገረማት ሌላ ነው። ለዓመታት ሰላምታ እንኳ ያልተለዋወጠቻቸው ጎረቤት በሯን አንኳኩተው፣ «ልጆቹ ውሃ ጠጥተዋል?» ብለው አንድ ጣሳ ሰጧት። ስለ ዕቃ ያነሣ አልነበረም፤ ስለ ጥም ብቻ።

ባለፈው ዓመት ፒያሳ ገባሁ። አባቴ የሚቀመጥበት ማዕዘን ላይ አሁን ሌላ ቤት ነው፤ ጎኑ ካለው ገባሁና ማኪያቶ አዘዝኩ። አስተናጋጁ ልጅ ነው፣ ጨዋ።

«ውሃ ላምጣልዎት ጋሼ?»

«አምጣልኝ።»

«ትልቁን ነው ትንሹን?»

«ብርጭቆ።»

ትንሽ ግር አለው። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ሌላው ደንበኛ እንዳይሰማው ይመስለኛል፣ «የቧንቧውን ነው ጋሼ? ይቅርብዎት፣ ሆድዎን ያምዎታል» አለኝ። ለእኔ አዝኖ ነው። ልከራከረው አልፈለግሁም፤ ትንሿን አመጣልኝ። ክዳኗ ቀጭ አለ። ሒሳቡ ሲመጣ ከማኪያቶው ሥር ለብቻዋ በአንድ መስመር ተጽፋለች።

የፒያሳው ብርጭቆ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል፤ አስተናጋጁንም ባለቤቱንም አልወቅስም፤ በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ለእንግዳ አይቀርብም። የእኔ ፍርድ ይኼ ነው። መንገድ ላይ ከሆናችሁ ግዙ፤ ርካሹ ይበቃል፣ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ክዳኑ ያልተፈታ መሆኑን እዩ። ቤታችሁ ከሆናችሁ አፍሉ። እኔ ቤት ማንቆርቆሪያው ሦስት ደቂቃ ይንተከተካል፤ ሲቀዘቅዝ በወይራ ወደ ታጠነ፣ አፉ ወደ ጠበበ ማሰሮ ይገባል፣ ጣሳ አይጠልቅበትም፣ ይንቆረቆራል። በሰፈሬ የምታልፉ ከሆነ ጎራ በሉና ጠጡ።