ስምንት ድምፅ የበቃው ሙዚቃ

የድሮ ካሴት ልባስ አገላብጦ ያነበበ ሰው ሦስት ቃላት ያስታውሳል፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። ሦስቱም ፊት ለፊታቸው የተለያየ ሰው ስም ሊኖር ይችላል። ሕዝብ የሚያጨበጭበው ለዘፋኙ ነው። ዜማው በየትኛው መሣሪያ እንደሚገባ፣ የት ላይ እንደሚፈጥን፣ የት ላይ ዝም እንደሚል የሚወስነው ግን አቀናባሪው ነው። ብዙ ጥሩ ዜማ ቅንብር ላይ ሞቷል።

ይህን ይዘን ወደ ጃፓን እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ2003 መጀመሪያ «ዘ ብላክ ሜጀስ» የተባለ ባንድ በራሱ ስም የተጠራ አልበም አወጣ። አሥር ሥራዎች አሉት፤ አሥሩም «ፋይናል ፋንታሲ» ከተባለው ዝነኛ የቪዲዮ ጌም የተወሰዱ የውጊያ ሙዚቃዎች ናቸው፤ ከ1987ቱ የመጀመሪያ ክፍል እስከ 2001ዱ አሥረኛ ክፍል። ሁሉም ወደ ከባድ ሮክ ተለውጠዋል። ዜማው በሙሉ የኖቡኦ ኡኤማትሱ፣ ቅንብሩ የኬኒቺሮ ፉኩይ እና የትሱዮሺ ሴኪቶ። ኡኤማትሱ ራሱ ደግሞ ከባንዱ መሥራቾች አንዱ ነው።

ታዲያ ምን ቅሬታ ይነሳል? ባለ ዜማው በሕይወት አለ፣ ባንዱ ውስጥ ቆሟል፣ ቅንብሩን ወዶ አጽድቋል። ከዚህ በላይ ባለመብት ከየት ይመጣል? ቅሬታው የሚጀምረው ግን እዚሁ ላይ ነው።

ኡኤማትሱ ስኩዌር የተባለውን የጌም ኩባንያ የተቀላቀለው በ1986 ነው። ሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባ ሰው አይደለም፤ ፒያኖ በልጅነቱ ለራሱ የተለማመደ፣ ሙዚቃ በሚያከራይ ሱቅ ተቀጥሮ የሚሠራ ወጣት ነበር። ልቡ ያለው ሮክ ላይ ነው፤ በተለይ ኪት ኤመርሰን ሃሞንድ ኦርጋኑን የሚያስጮህበት ዓይነት የእንግሊዞች ሮክ ላይ። የተሰጠው መሣሪያ ግን ሌላ ሆነ። የመጀመሪያው ፋይናል ፋንታሲ የወጣበት የኒንቴንዶ ማሽን ሦስት የዜማ ድምፅ እና ለምት የሚሆን ጫጫታ ነበረው፤ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሱፐር ፋሚኮም ቁጥሩን ወደ ስምንት አሳደገው። የድምፅ ክፍሉን የነደፈው የሶኒው መሐንዲስ ኬን ኩታራጊ ነው፤ በኋላ በየሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ልጆች ተሰልፈው የሚጠብቁትን ማሽን የፈጠረው ያው ሰው። ለድምፅ የተመደበው ማህደረ ትውስታ 64 ኪሎባይት ነበር። በቴሌግራም የምትላላኩት አንድ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ቫዮሊኑም፣ ከበሮውም፣ መዘምራኑም በዚያች ጠባብ ቦታ ተጠቅጥቀው መግባት ነበረባቸው። ይባስ ብሎ ስምንቱ ድምፆች የሙዚቃው ብቻ አልነበሩም። በውጊያው መሃል ሰይፍ ሲሰነዘር ወይም እሳት ሲፈነዳ፣ ለዚያ የሚያስፈልገው ድምፅ ከሙዚቃው ላይ ይነጠቃል።

በዚህ ሁኔታ የሚሠራ ሰው ለማሳመር ብሎ የሚጨምረው ነገር የለም። ቤዙ ከሥር የሚንደቀደቅ ማጀቢያ ብቻ አይሆንም፤ ሁለተኛ ዘፋኝ ይሆናል። ዋናው ዜማ ሲያርፍ ማረፉ ይሰማል፤ ያ ባዶ ቦታም ሥራ አለው።

የዚህ ሁሉ ጫፍ በ1994ቱ ስድስተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ የሚሰማው «ዳንሲንግ ማድ» ነው። ጌሙን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ኬፍካ የሚባል፣ ፊቱን ቀለም የተቀባ፣ የንጉሥ አጫዋች የሚመስል ሰው አለ። መጀመሪያ ላይ ያስቃል። አጋማሹ ላይ ዓለምን ያፈርሳል፤ ጀግኖቹም ሳይደርሱለት ይቀራሉ። ከዚያ ራሱን አምላክ ያደርጋል። የመጨረሻው ውጊያ ወደ እሱ መውጣት ነው፤ አካልና ድንጋይ የተቆላለፈበት ባለ ሦስት ደረጃ ሐውልት፣ ከሁሉም በላይ ክንፍ ያበቀለው ኬፍካ።

ሙዚቃውም አራት ክፍል ነው። ሦስተኛው ላይ ሌላው ሁሉ ገለል ብሎ መድረኩ ለኦርጋን ይለቀቃል። ኦርጋን ሲባል ሠርግ ቤት የሚመጣው ኪቦርድ አይደለም፤ በአውሮፓ ካቴድራሎች ግድግዳውን ሞልቶ የሚቆመው፣ ነፋስ በቧንቧ የሚያልፍበት ነው። እንግዲህ በ64 ኪሎባይት ውስጥ ካቴድራል አስገባ ማለት ነው።

ዋናው ብልሃት ግን ከዚህም ይበልጣል። ሙዚቃው ወደሚቀጥለው ክፍል የሚያልፈው ደቂቃው ስለሞላ አይደለም፤ ተጫዋቹ ፊቱ ያለውን ደረጃ ሲጥል ነው። ያልቻለ ተጫዋች እዚያው ተይዞ ያው ዜማ ዞሮ ዞሮ ይመጣበታል። መድኃኒቱን እየጨረሰ፣ ሰው እየወደቀበት፣ ሙዚቃው እንደ በር ጠባቂ አላሳልፍህም ይለዋል። በስንት ትግል ያን ደረጃ ሲጥል ድንገት ኦርጋኑ ይመጣል። ያን ኦርጋን የሰማ ልጅ ማንም አልሰጠውም፤ በእጁ ያመጣው ነው።

ባንዱ ይህን ሥራ ዘጠነኛ አድርጎ በ12 ደቂቃ ገደማ አቅርቦታል። ችሎታ ጎድሏል የሚል ካለ አልሰማም ማለት ነው። የሴኪቶ ጊታር ንጹሕ ነው፤ የኪቦርዱ ሥራም ጥንቃቄ አለው፤ ዜማውን የሚያበላሽ ግዴለሽነት የትም አይታይም። ሆኖም አያስፈራም። ዋናው ላይ የሚያስጨንቀው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አለመታወቁ ነበር። የተዛባ ጊታር እና ድርብ ምት ሲገቡ ግን ጆሮ የት እንዳለ ወዲያው ያውቃል፦ ኮንሰርት ላይ ነው። ኮንሰርት ላይ ደግሞ ኬፍካ ማንንም አይገድልም። ክፍሎቹም የሚያልፉት በሰዓታቸው ነው፤ የሚጠብቃቸው ወይም የሚያስጠብቃቸው ሰው የለም።

ይህን ጥፋት ሁሉ በባንዱ ላይ መጫን አይገባም። ሲዲ የተጫዋቹን እጅ መጠበቅ አይችልም። ግን ይህን ክፍተት በሌላ ነገር መሙላት የአቀናባሪ ሥራ ነበር፤ እነሱ የሞሉት በድምፅ ብዛት ነው። ከበሮው በተለይ። ያን ጊዜ ባንዱ ገና ቋሚ ድራመርም ቤዝ ተጫዋችም አልነበረውም፤ እነሱ የመጡት ከዚህ አልበም በኋላ ነው። ስለዚህ የሚሰማው ምት የማይደክም፣ ትንፋሽ የማያጥረው፣ የማሽን ምት ነው። ከጌም ማሽን ጥበት ሊወጣ የተሠራ አልበም ምቱን መልሶ ለማሽን ሰጠው።

አልበሙ ላይ የሰመረው «ክላሽ ኦን ዘ ቢግ ብሪጅ» ነው። የአምስተኛው ክፍል ሙዚቃ ነው፤ ጊልጋሜሽ የሚባል ጉረኛ ተዋጊ ድልድይ ላይ የሚገጥምበት። እሱ ላይ ጩኸቱ ልክ ነው፤ ምክንያቱም ሰውየው ራሱ ጩኸት ነው። ከመጀመሪያውም የሚጋልብ ዜማ ስለነበር ጊታሩ ተደላድሎ ተቀመጠበት። የሰባተኛውና የአሥረኛው ክፍል ሥራዎች ደግሞ ድሮም ወደ ሮክ የተጠጉ ስለሆኑ ብዙ የሚሉት የለም፤ ደኅና ናቸው።

የባንዱ ወዳጆች አንድ ጠንካራ መልስ አላቸው። አልበሙ የተሠራው ጌሙን ለጨረሱ ሰዎች ነው፤ እነሱ ሲሰሙት የጎደለውን ከትዝታቸው ይሞሉታል ይላሉ። እውነት ነው። በልጅነቱ ኬፍካ ፊት ሦስት ጊዜ የወደቀ ሰው የመጀመሪያዎቹ ድምፆች ሲገቡ እጁ ይልበዋል፤ ከዚያ በኋላ ጊታሩ ምንም ቢያደርግ ችግር የለውም። ግን ይህ መልስ ቅንብሩን አያድነውም። ሥራውን የሠራው የ1994ቱ ስምንት ድምፅ ነው፤ የ2003ቱ ባንድ ያንን ወረሰ። ጌሙን ነክቶ የማያውቅ ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ቢሰማ የሚሰማው ጎበዝ የሮክ ባንድ ብቻ ነው።

ኡኤማትሱን ግን መረዳት ይቻላል። አልበሙ ሲወጣ 43 ዓመቱ ነበር። ከልጅነት የወደደውን ሙዚቃ ለ16 ዓመት ያህል በቺፕ እያጠበበ ሲያስገባ ኖሮ፣ በመጨረሻ የሚያስረው ነገር የሌለበት ክፍል ተሰጠው። ሁሉንም ነገር አንድ ላይ አስጮኸው። ማን ይፈርድበታል?

የሚገርመው የሦስተኛው አልበማቸው ነገር ነው። በ2008 የወጣው «ዳርክነስ ኤንድ ስታርላይት» ርዕሱን የሰጠው ከዚያው ከስድስተኛው ክፍል የተወሰደ የኦፔራ ትዕይንት ነው። በዚያን ጊዜ ባንዱ ሰው ድራመር አለው፤ ከፊቱም የሚዘፍኑ ሰዎች ቆመዋል። ዘፋኝ መተንፈስ አለበት። እሱ በሚተነፍስበት ቦታ ጊታሮቹ ድምፃቸውን ቀንሰው ይጠብቃሉ፤ ከሥር ያለው ዜማም በዚያ ክፍተት ብቅ ይላል። ባንዱ በ2010 ተበተነ።