ልደታ ላይ ሦስት ቀይ

ልደታ ስሟን ያገኘችው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ግንቦት 1 ቀን በዓሏ ይከበራል። ዛሬ ከባቡር ጣቢያው የሚወርድ እንግዳ፣ የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶች በነበሩበት ቦታ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ተደርድረው ያያል። በዚህ ሰፈር ቀለም ሥራ አለው። በስታዲየምና በልደታ መካከል ሁለቱ የባቡር መስመሮች አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ፣ ተሳፋሪው ባቡሩን የሚለየው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ መሆኑን አይቶ ነው።

ቀይን ከቀይ መለየት ግን እንዲህ አይቀልም። እዚያው ኮንዶሚኒየም የምትኖረው ልጄ የሳሎኗን አንድ ግድግዳ ቀይ ለማስቀባት ሦስት ዓይነት አመጣች፦ የበርበሬ ቀይ፣ የሸክላ ቀይና ወይን ጠጅ። በካርዱ ላይ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ።

ከካርድ ላይ ባይመረጥ ይሻላል። ከየዓይነቱ ጥቂት ገዝቶ ካርቶን ላይ ሁለት ጊዜ መቀባት፣ ሲደርቅ ግድግዳው ላይ ለጥፎ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ ማየት ይበጃል። ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ፀሐዩን ስለሚከልል፣ ወይን ጠጁ ከሰዓት በኋላ ወደ ጥቁር ተጠጋ። የበርበሬው በቢጫ አምፖል ሥር ብርቱካን መሰለ። የሸክላው ብዙም አልተለወጠም። በተጨማሪም ቀይ በሰፊ ግድግዳ ላይ ከካርዱ ይልቅ ይደምቃልና፣ ረጋ ያለውን መምረጥ አይጎዳም። ከሥሩ መጀመሪያ ግራጫ ቢቀባ፣ ቀዩ በጥቂት ዙር ይሸፍናል።

በነርስነት ዘመኔ የለመድኩት ጥያቄ ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ ቀለሙ ውስጥ ሊድ አለ ወይ? ደማቅ ቀይና ቢጫ የዘይት ቀለሞችን ለማድመቅ የሊድ ውህዶች ሲጨመሩ ኖረዋል። ቀለሙ ሲያረጅ ይፈረፈራል፤ ሕፃኑ አቧራውን በእጁ ወደ አፉ ይወስዳል። ሊድ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የማያደርስ መጠን አይታወቅም። በአገራችን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ስለዚህ ሻጩን ሳያፍሩ መጠየቅ፣ የቆርቆሮውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። አሮጌ ቀለም በደረቁ አይፋቅ፤ ረጥቦ ይፋቅ፣ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮችም ከቤት ይውጡ።

ልጄ የሸክላውን ቀይ መረጠች፤ ሊድ የሌለበት መሆኑ የተጻፈበትን ውሃ ቀለም። የልጅ ልጄ ግድግዳ ይዛ መቆም ጀምራለችና፣ የመረጥነው ለዓይናችን ብቻ አልነበረም።