ላሜራ ላይ አይበየድም

የወንድሜን ዲኤክስ ታውቋታላችሁ አይደል? ከቦዲቲ ሶዶ ስኳር ድንች ስታመላልስ የኋላ ወንበሯ አለቀ። በቃ ትንሽ ተሳቢ ትጎትት ተባባልንና ጋንቾ ላሠራላት ብየዳ ቤት ወሰድኳት። በያጁ የድሮ ተማሪዬ ሆኖ አገኘሁት። ፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀምጦ ሲያንቀላፋ "አንተ ተስፋ የለህም" ያልኩት ልጅ ነው።

ከዕቃ መጫኛዋ ሥር ያለውን ብረት አሳይቼ "እዚህ ጋ በየደው፣ ይበቃል" አልኩት። ከሥር ገብቶ ወጣና "ቲቸር፣ ይሄ እኮ ላሜራ ነው። አንድ ቀን ዳገት ላይ ቀዶት ይወጣል። ከኋላ ሰው ቢኖርስ?" አለኝ።

የቤት መኪና እንደ አይሱዙ ለብቻው ሻንሲ የላትም። ስለዚህ ወፍራም ብረት አግድም አድርጎ፣ ከወለሉ ሥር ግራና ቀኝ ካሉት ጠንካራ ብረቶች ጋር በቡሎን አሰረው። ጋንቾውን የበየደው እሱ ላይ ነው። ጉልበቱ አንድ ቦታ ላይ አያርፍም፣ ይከፋፈላል። እኔ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኮ ይሄንኑ ነው!

ሰንሰለትም ጨመረበት። "ጋንቾው ቢለቅ ይሄ ይይዘዋል። ጭነቱን ከተሳቢው ጎማ ትንሽ ወደ ፊት ያድርጉት፤ ወደ ኋላ ከከበደ ቁልቁለት ላይ ያወዛውዛችኋል። ተሳቢው ፍሬን የለውም፣ ቀስ ብላችሁ ንዱ።"

ሂሳብ ስጠይቀው የብረቱን ብቻ ተቀበለኝ። ያቺን ንግግሬን ያስታውሳት እንደሆነ ልጠይቀው ፈልጌ አፈርኩ።

እዚህ ልበላት፦ ይቅርታ ወንድሜ። ተሳስቼ ነበር።