ለጥምቀት ያልሆነው ቀሚስ

ቁም ሳጥናችሁ አናት ላይ «አንድ ቀን እሠራበታለሁ» ተብሎ የተቀመጠ ነገር የለም? እኔ ቤት ነበረ። የእናቴ ሦስት የሐበሻ ቀሚሶች በአሮጌ አንሶላ ተጠቅልለው ሻንጣ ውስጥ ስድስት ዓመት ተቀመጡ።

እናቴ ካረፈች በኋላ ልብሶቿ ለዘመድና ለጎረቤት ሲሰጡ፣ እኔና ታላቅ እህቴ እነዚህን አስቀረን። አንዱ በመልሷ ቀን የለበሰችው፣ ደረቱ ላይ የሙካሽ ጥልፍ ያለበት ነው። ሁለተኛው አረንጓዴ ጥለት ያለው የጥምቀት ቀሚሷ ነው። ሦስተኛውን ለእኔ ምረቃ አሠርታ ለብሳዋለች፤ ሁለተኛ ጊዜ ለመልበስ ግን ዕድሜ አልሰጣትም።

ሐሳቤ ቀሚሶቹን በአራት ማዕዘን ቆራርጬ፣ መልሼ ገጣጥሜ ለልጄ የአልጋ ልብስ መሥራት ነበር። ልጄ አራት ዓመቷ ነው፤ አያቷን አላየቻትም። ንድፉን ባለ ካሬ ደብተር ላይ ስዬ፣ ቀለም ሁሉ ቀብቼ ጨርሻለሁ። እንጀራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ዕቅድ ማውጣት አይቸግረኝም። የቸገረኝ መቀሱ ነው።

አንድ ጊዜ ለአክስቴ ብነግራት «የእናትሽን ቀሚስ ድሪቶ ልታደርጊው?» አለችኝ። ቃሏ እንደ እሾህ ተሰካብኝ። እኛ ዘንድ የተጣጣፈ ጨርቅ የማጣት ምልክት ነው። ደግሞም ቀሚሶቹ የእኔ ብቻ አይደሉም። እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው፤ እሷን ማስፈቀድ ነበረብኝ። እምቢ እንዳትለኝ ፈራሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሺ እንዳትለኝም ፈርቻለሁ።

ባለፈው ጥር ቀሚሶቹን ላናፍሳቸው አወጣኋቸው። የመልሷን ቀሚስ ስዘረጋው በታጠፈበት መስመር ላይ ቢጫ ሆኗል፤ ትንሽ ሳብ ሳደርገው ተቀደደ። ማንም ሳይለብሰው፣ ማንም ሳይነካው። ዓመታት ሙሉ በአንድ እጥፋት መቀመጡ ራሱ ጨርቁን አሳስቶታል። እኔ ግን እየጠበቅኩት ይመስለኝ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ማታ ለእህቴ በቪዲዮ ደውዬ ቅዳዱን አሳየኋት። ዝም አለች። ከዚያ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። «እማዬ በየጥሩ ምን ነበር የምትለው?» አለችኝ። ሁለታችንም ባንድ አፍ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ!» አልን። «በቃ ቁረጪው» አለች፤ «የደረቱን ጥልፍ ብቻ እንዳለ አውጥተሽ ላኪልኝ።»

እንዲያም ሆኖ ሳምንት ሙሉ መቀስ አላነሳሁም። በመጨረሻ ሰፈራችን ወዳሉ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ይዤው ሄድኩ። ቀሚሱን ገለበጡና ውስጡን አሳዩኝ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ድሮም የተገጣጠመ ነው። ሸማኔው ከዕቃው ላይ ቆርጦ አወረደው፤ ልብስ ሰፊው ጎን ለጎን ገጠመው። አንቺ ሦስተኛዋ ነሽ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሸማኔው መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው እጁ ስለሚያቀብል የሸማ ስፋት ጠባብ ነው። የእናቴ ቀሚስ ውስጡ ስፌት በስፌት መሆኑን ያየሁት ገና ያን ቀን ነው።

ተመሳሳይ ሐሳብ ላላችሁ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። መጀመሪያ ጥለቱ ቀለም ይለቅ እንደሆነ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ሞክሩ። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና በእጅ እጠቡት፤ ሳትጠመዝዙ ጥላ ላይ አስጡት። ሸማ ሽመናው ላላ ያለ ስለሆነ እንደተቆረጠ ይተረተራል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ከጀርባው በካውያ የሚለጠፍ ስስ ገበር አልብሱት። ልኩን በካርቶን አውጡ። የእኔ 22 በ22 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ለስፌት ሲሄድ 20 ይቀራል። ወደ ጎን 6፣ ወደ ታች 8፣ በድምሩ 48 ቁራጭ ሲገጠም 120 በ160 የሆነ የልጅ አልጋ ልብስ ይወጣዋል። ለመሃሉ ያረጀ ጋቢ፣ ለጀርባው አቡጀዲ አዘጋጅቻለሁ። መቁረጡ የማይሆንላችሁ ከሆነም ሻንጣውን ክፈቱና ቢያንስ እጥፋቱን ቀይሩለት።

የመጀመሪያውን የቆረጥኩት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። እጄ ስለተንቀጠቀጠ ጎበጥ ብሏል። አልጣልኩትም።

እስከ ዛሬ የገጠምኩት 11 ብቻ ነው፤ ማዕዘኖቹም በትክክል አይገናኙም። ልጄ ግን ባላለቀው ላይ መተኛት ጀምራለች። ባለፈው እሑድ አክስቴ መጣችና ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ አየችው። አረንጓዴውን ጥለት በጣቷ እየተከተለች ብዙ ቆየች። ያንን ቃል እንደገና እስክትለው እየጠበቅኩ ነበር። እሷ መነጽሯን ከቦርሳዋ አወጣችና «ይሄ ጥጉ ጎብጧል፤ እስቲ መርፌ አቀብይኝ» አለችኝ።