የማን ቡሶላ ናት?

መቼም ብረት ሰብሳቢ ሲባል ቆራሊው ነው ትዝ የሚላችሁ። እኛ የምንሰበስበው ግን አሮጌ ቡሶላ ነው፤ ያቺን የብሎን ራስ ውጣ የምትፈታዋን ቁልፍ። ሣጥኗ ሙሉ ሆኖ አይገኝም፤ አንዷ ኮምቦልቻ ጋራዥ፣ ሌላዋ ምናለሽ ተራ ቀርታለች።

አገሯን ለማወቅ በናፍጣ አጥቦ ጽሕፈቷን ማየት ነው። 13፣ 17፣ 19 ካለች በሚሊ ሜትር ናት፤ በ1928 ዓ.ም. ከዘመተው የጣሊያን ካሚዮን ጋር ገብታ ይሆናል። ክፍልፋይ ካለባት ኢንች ናት። የድሮዋ እንግሊዝ ተንኮለኛ ነች፤ ቁጥሯ የብሎኑን ውፍረት እንጂ የራሱን ስፋት አይናገርም። በሶቪየቷ ላይ ዋጋዋ ተቀርጾ ይገኛል፣ ነጋዴ እንዳይጨምርባት! 3/4 ኢንችና 19 ይተካካሉ፤ ልዩነታቸው 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። በግማሽ ኢንች ላይ፣ ማለትም በ12.7፣ 13 ብትጭኑ ግን የዛገ ብሎን ማዕዘኑ ይላጣል።

ለመስከረም 21 ንግሥ ግሸን ስንወጣ አንድ አዛውንት ሾፌር መኪናቸው ሥር ተንጋለው አገኘን። በእጃቸው የጣሊያን ቡሶላ!

«አባባ ይሽጡልን፤ አዲስ እንገዛልዎታለን።»

«ምን ልትፈቱባት ነው?»

«ለማስቀመጥ ነው።»

ሳቁ። «አዲሱ እዚሁ አቀበት ላይ ሁለቴ ተሰንጥቆብኛል። ይሄን ሁሉ ምእመን በምን ላውርደው?»

ከእኛ ግማሹ ጽሕፈቷ ሳይጠፋ መቀመጥ አለባት አለ፤ ግማሹ ከሽማግሌው ጋር ቆመ። ክርክሩ አላለቀም። እሳቸው ግን ሥራቸውን ሲጨርሱ ጠርተው ሰጡን፤ ወረቀት አልብሰን በእርሳስ ፈትገን ጽሕፈቷን ወሰድንና መለስንላቸው። 19 ናት።